ሃያ ሁለት ጎማ የሰማ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሹፌር። ከመሪ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ካርታ ነው።

ነገሩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ከከተማው መውጫ ላይ ጎማ የሚጠግኑት ጎሚስታ። ያስጀመራቸው ደግሞ ናሆም ነው። ናሆም ባጃጅ ይነዳል፣ ከሥራ መልስ ፖከር ይጫወታል። የዚያን ዕለት ተሸንፎ ሲወጣ በንዴት ነድቶ ባጃጇን ከድንጋይ አጋጭቷት፣ የፊት ጎማዋን አፈንድቶ እየገፋ ነው የመጣው።

«ጋሼ» አላቸው፣ ጎማው እስኪፈታ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «አጥፍቼ ስሸነፍ እሺ፣ የእጄን ነው። በትክክል ተጫውቼ ዕድል ብቻ ሲቀማኝ ግን ደሜ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የማደርገውን አላውቀውም። ልቤን በምን ልያዘው?»

ጋሽ ሽብሩ ቀና አላሉም። የጎማውን ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው እየፈለጉ ነው ታሪኩን የቀጠሉት።

ሹፌሩ ከወደብ ጭኖ ወደ መሀል አገር ይመለሳል። መንገዱ ላይ ወንዝ አለ። ደራሽ ውሃ ድልድዩን ወስዶታል፤ መኪና የሚያልፈው በውሃው ውስጥ ነው፣ ያውም ዶዘር እየጎተተው፣ ያውም በቀን አሥራ አምስት ብቻ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሹፌር ከካርቶን በተቀደደች ቁራጭ ላይ ተራ ቁጥር ተጽፎ ተሰጠው። እስከ አሥራ አምስት ያለው ዶዘሩ በሚደርስበት ዕለት፣ ዓርብ ያልፋል። እስከ ሠላሳ ያለው ቅዳሜ። ከሠላሳ በላይ የሆነ እሁድ። የእኛ ሰው ዘጠነኛ ነበረ።

ይህቺ ዘጠኝ ቁጥር ለሌላው ሰው ቁጥር ናት። ለእሱ ግን ሌላ ናት። እሁድ ታናሽ እህቱ ታገባለች። እናትና አባታቸው ያለፉት እሷ ገና ቆማ ሳትሄድ ነው፤ ያሳደጋት እሱ ነው፣ በመሪ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ነው የምትወጣው። እሷ ልትስመው የምትችለው ጉልበት ያለው በዚህች ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዓርብ ከተሻገረ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ይገባል። እሁድ ከተሻገረ ግን ሲደርስ ድንኳን እየፈረሰ ነው።

ታዲያ ካርቶኑን በደረት ኪሱ ከትቶ፣ ካቢናው ውስጥ ጋደም ብሎ ዓርብን ቢጠብቅ ምን ነበረበት? ምንም። ግን ቀኑ ሐሙስ ነው፣ አገሩ ቆላ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ ያለው ተሳቢ ሥር ነው። ተሳቢ ሥር ደግሞ ካርታ አለ።

ሹፌሮቹ የራሳቸው ሕግ አላቸው። በገንዘብ አይጫወቱም፤ ድሮ በገንዘብ ተጫውተው ሰው ተጎድቷል። የሚጫወቱት በክብሪት እንጨት ነው። እንጨቱ የሰለቸው ግን ተራውን ማስያዝ ይችላል፤ ያሸነፈ ከሁለቱ ካርቶኖች የቀደመችውን ይወስዳል፣ ለተሸነፈው የኋለኛዋ ትደርሰዋለች። በካርታ የሄደ ተራ ደግሞ በልመናም በስጦታም አይመለስም። እንዲያ ካልሆነማ ጠዋት ወንዙ ዳር ዱላ ነው።

እዚያ ተሳቢ ሥር ሁለት ሰዎች አስተውል። አንደኛው ቦርጫም ነው፤ አፉ የማይዘጋ፣ ሰው ሲሸነፍ የሚዘፍን። ሁለተኛው ሲሚንቶ የጫኑ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው። ሽማግሌው አንድ ልማድ አላቸው። በትክክል ተጫውተው ዕድል ሲበላቸው፣ ካርታውን ቀስ አድርገው ያስቀምጡና አንድ ክንድ የምትሆን ፌሮ ብረት ይዘው ይነሣሉ። የመኪናቸውን ጎማ አንድ በአንድ እየመቱ ይዞራሉ፤ ከነተሳቢው ሃያ ሁለት ጎማ። መታ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሲጨርሱ ይመለሱና «እሺ፣ አድል» ይላሉ።

«ፋዘር፣ ጎማው ምን አደረገዎ?» ይላል ቦርጫሙ። «የበላዎት እኮ ካርታ ነው! ወይስ ጎማው ሥር ተደብቀው ያለቅሳሉ?»

ሰው ሁሉ ይስቃል። ሽማግሌውም ይስቃሉ። ረቡዕ ዕለት አራት ቁጥር ተራቸውን ለአንድ ሹፌር ተሸንፈው ሠላሳ ሁለት ቁጥር ሲሰጣቸው እንኳ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዞሩ፣ መቱ፣ ተመለሱ፣ «እሺ፣ አድል» አሉ።

ወደ ሐሙስ እንመለስ። ለእኛ ሹፌር ሦስት ንጉሥ ደረሰው። ከአምስት ካርታ ሦስቱ ንጉሥ ማለት፣ አንተም ትጫወታለህና ታውቀዋለህ፣ በየቀኑ አይገኝም። ካለው እንጨት ግማሹን ገፋ አድርጎ አስያዘ። ማንም ዐዋቂ እንደዚያው ያደርጋል። ቦርጫሙ በእጁ አራት ቀይ ልብ ብቻ ነበረው፤ አምስተኛዋ ካልመጣችለት ባዶ ነው፣ ከመጣች ግን ሦስት ንጉሥን ትበላለች። ከአምስት ጊዜ አንዴ ብትመጣ ነው። አንድ ካርታ ቀየረ። መጣችለት።

«አምስት ልብ!» አለ ቦርጫሙ እየዘረጋ። «ወንድሜ፣ ንጉሦችህን ቀበርኳቸው። ለቅሶ ስንት ሰዓት እንድረስ?»

ሹፌሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጥርሱ ወጣ እንጂ ፈገግታው አልወጣም።

ቀጥሎ ሦስት አስ መጣለት። አሁን እግዜር አየኝ ብሎ የቀረውን እንጨት ሁሉ አስያዘ። ቦርጫሙ ሁለት ሰባት ይዟል። ሦስት ካርታ ጥሎ ሦስት ቀየረ፤ ከመጡለት ሁለቱ ሰባት ናቸው። አራት ሰባት! እንዲህ ያለው ነገር በሹፌር ዕድሜ አንዴ ይታይ እንደሆነ እንጃ።

እስከዚህ ድረስ፣ ስማኝ ናሆም፣ ሰውየው አንድም ጥፋት የለበትም። ሁለቱንም ጊዜ በትክክል ነው የተጫወተው። የሄደውም ክብሪት እንጨት ነው። ዕድል ከእሱ የወሰደችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ አንድ እፍኝ እንጨት።

«ተነሣና ውሃ ጠጣ እስቲ» አሉት ሽማግሌው።

«አልጠማኝም!» አለ። እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰደደ። ካርቶኗን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ወረወራት። «ተራዬን! አሁኑኑ! አንተ ስንተኛ ነህ?»

«ሠላሳ አንድ» አለ ቦርጫሙ፣ ዐይኑን ማመን አቅቶት። «ዘጠኝን በሠላሳ አንድ? የአእምሮ ምስክር ወረቀት አለህ?»

«አድል አልኩህ!»

ታደለ። ካርታው ባዶ ነው፤ አንዱ ከአንዱ የማይገናኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አራቱን ይቀይራል፤ ከዚያም በፊት፣ ሌላ ቀን ቢሆን ተራውን አያስይዝም። አሁን ግን አስፈራራዋለሁ ብሎ አንድም ሳይቀይር ቀረ። ፊቱ እንደ ቲማቲም የቀላ ሰው ማንን ያስፈራራል? ቦርጫሙ ሁለት ንግሥት ነበረው። ዘረጋት። ዘጠኝ ቁጥርን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሳማት፣ ኪሱ ከተታት፣ ሠላሳ አንድን ወረወረለት።

የሹፌሩ ጆሮ ጭው አለ። እህቱ ትዝ አላለችውም። ሠርጉ ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው የቦርጫሙ ጥርስ ብቻ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከወገቡ ፈታና ምንጣፉ መሀል ጣለው።

«መኪናውን!»

ቦርጫሙ ግን ቀለደ፦ «ጌታው፣ መኪናው ያንተ ነው እንዴ? ባለቤቱ ሳይሰማህ አንሣው!» ሳቁ ፈነዳ።

እዚህ ላይ ነው ሽማግሌው እጃቸውን የዘረጉት። በአንድ እጃቸው ቁልፉን አነሡ። በሌላው ፌሯቸውን ሰጡት።

«ይሄን እኔ ላቆይልህ» አሉት። «አንተ እስከዚያ ጎማዬን ስማልኝ። አንዱ ተንፍሷል። የቱ እንደሆነ ንገረኝና ቁልፍህን ውሰድ።»

ሹፌሩ ፌሮዋን ነጥቆ ወጣ። ከመጀመሪያው ጎማ ጀመረ። ጎማ አይደለም የሚመታው፣ የቦርጫሙን ጭንቅላት ነው። ዷ! ዷ! ዷ! ሃያ ሁለቱንም ደብድቦ በላብ ተነክሮ ተመለሰ።

«የተነፈሰ የለም። ሁሉም ደህና ናቸው። ቁልፌን!»

«ድገመው» አሉት።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ እያሾፉም አይደለም፤ ሄደ። በሁለተኛው ዙር ክንዱ ዝሏል፤ ስለዚህ ሳይፈልግ ለስለስ አድርጎ መታ። አምስተኛው ጎማ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የራሱን ትንፋሽ ሰማ። አሥረኛው ላይ የወንዙን ድምፅ ሰማ። ከዚያ ተሳቢው ጋ ደረሰ። ሁሉም ጎማ «ድንግ» ይላል፣ እንደ ከበሮ። በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ ከመንታዎቹ ጎማዎች የውስጠኛው ግን «ዱፍ» አለ። ደግሞ መታው። ዱፍ።

መንታ ጎማ ታውቃለህ። የውስጠኛው ሲተነፍስ የውጪው ተሸክሞት ስለሚቆም በዐይን አይታይም። የሚያውቀው ጆሮ ነው። ተጭኖ ቁልቁለት ሲወረድ ግን የውጪውም ብቻውን አይችልም፤ ይፈነዳል።

«የተሳቢው፣ የግራ፣ የኋላ፣ የውስጠኛው» አለ ተመልሶ።

«ከትናንት ጀምሮ እንደዚያው ነው» አሉት ሽማግሌው። «መጀመሪያ ስትዞርም ዱፍ ነው ያለህ።»

ሌላ አልተናገሩም። ቁልፉን ሰጡት።

ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ቆመ። ፌሮዋን አልመለሰም። «የእኔንም ዞሬ ልስማው» አለና ወደ ራሱ መኪና ሄደ። ይህን ማንም አላዘዘውም። እየመታ እየሰማ በወንዙ በኩል ሲዞር፣ ዐይኑ ገመዱ ላይ ዐረፈ።

ገመድ ነበረ፤ ከወዲህ ዛፍ እስከ ወዲያ ማዶ ዛፍ የተወጠረ። የአካባቢው ሰው እሱን ይዞ በእግሩ ይሻገራል። አንዲት ሴት ዶሮዋን አናቷ ላይ አድርጋ፣ ውሃው ወገቧ ደርሶ ስታልፍ አያት። ከኋላዋ ጃንጥላ የዘረጉ አዛውንት አሉ። እነዚህን ሰዎች ከመጣ ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያያቸው ነበር። ግን አላያቸውም ነበር።

ካርቶኗ የመኪናው ተራ ናት። ጉልበቱ ተራ አያስፈልገውም።

ሮጦ ተመለሰ። ትንፋሹ ተቆራርጦ ለሽማግሌው ነገራቸው፤ እህቱን፣ እሁድን፣ ጉልበቱን። ሹፌር ሚስቱን ለሰው አደራ ይሰጥ ይሆናል፣ ቁልፉን ግን አይሰጥም። እሱ ግን ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«አንተ ሠላሳ አንድ፣ እኔ ሠላሳ ሁለት» አሉ ሽማግሌው እያሰቡ። «ያንተን አሻግሬ በገመዱ እመለሳለሁ፣ የእኔን አሻግራለሁ። ማዶ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሲሚንቶ አይሸት፣ አይበሰብስ። ሂድ፣ ልጅቷ አባት የላትም አትባል።»

ሊሄድ ሲል ቦርጫሙ ከተሳቢው ሥር ጮኸ፦ «ሸሸህ እንዴ? ዘጠኝ ቁጥር እኮ ኪሴ ውስጥ እያለቀሰችብህ ነው! አንድ ዙር ብቻ፣ ሠላሳ አንድን በዘጠኝ!»

ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ሁሉም ሰው ጠብ ጠበቀ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ቦርጫሙን ጨበጠው።

«ዛሬ ካርታው ያንተ ነው፤ ደኅና አድርገህ ተጫወትበት» አለው እየሳቀ። «በሦስት ንጉሥና በሦስት አስ ነገም እንደዚያው ነው የምጫወተው። ሦስተኛዋን ግን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ለእሷ አንተን አልቀየምም።»

ቦርጫሙ የተጨበጠ እጁን አገላብጦ አየ።

ሹፌሩ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በገመዱ ተሻገረ። ማዶ ያገኘው የጭነት መኪና ጫነው፣ እሱ ተበላሸ። ሌላ ጫነው። ሦስት መኪና ቀያይሮ፣ እሁድ ረፋድ ላይ ሚዜዎቹ በር ላይ «አናስገባም» እየተባሉ ሲጨፍሩ ደረሰ። ለመታጠብ ጊዜ የለም። በሰው መሀል ተሽሎክልኮ ገብቶ ተቀመጠ። እህቱ ወጣች። ባዶ ወንበር አያለሁ ብላ ስትፈራ የከረመች ልጅ፣ ስታየው መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ስትቀና ከንፈሯ ላይ ጭቃ ነበር፤ የወንዙ ጭቃ፣ ሱሪው ላይ የደረቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ ጭቃ አበላኸኝ እኮ» አለችው በጆሮው።

«የመጣሁበት ነው፤ ዋጪው» አላት። ከዚያ ግንባሯን ይዞ መረቃት። ሲጨርስ ወጥቶ ከጓሮ አለቀሰ፣ ፈጣሪውንም አመሰገነ። ያመሰገነው ስለ ደረሰ ብቻ አይደለም። ቁልፉን የጣለባት ምንጣፍ ላይ ያንን የሽማግሌ እጅ ስላስቀመጠለት ጭምር ነው።

ማክሰኞ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ሁለቱ መኪኖች ማዶ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሽማግሌው የተነፈሰውን ጎማ ቀይረው፣ የእሱንም ጎማ ዞረው ሰምተው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ከሠርጉ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ይዞላቸው ነበር። ዳቦውን ከመስጠቱ በፊት ግን፣ ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ጋሽ ሽብሩ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ቀዳዳውን አግኝተውታል፤ አረፋው ከጣታቸው ሥር እየተንተከተከ ነው። ናሆም ጠጋ ብሎ ጠየቀ።

«ያ ቦርጫሙስ? እሱ ምን ሆነ?»

«ዓርብ ተሻገረ። ዘጠነኛ ሆኖ» አሉ። «ማዶ የሚጠብቀው ሠርግ አልነበረም፤ የሚቸኩልበትም ጉዳይ አልነበረም። ተራ አሸንፎ የሚሄድበት ያጣ ሰው ነው። ደግሞ መንገዱን ሙሉ ያቺ የጨበጠችው እጅ አልለቀቀችውም። ተሸንፎ እንዴት ይስቃል? እያለ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከሹፌሩ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ይሄንን ሁሉ ራሱ ሹፌሩ አጫወተው። የእህቱ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ቦርጫሙንም ጠርቶታል። ምን ታየኛለህ? ቦርጩን ስኳር በሽታ ወሰደው እንጂ ያ ቦርጫም እኔ ነኝ።»

ናሆም ሊስቅ አለና ፊታቸውን አይቶ ተወው።

«አሁን ስማኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። «ያ ሹፌር አንተ ነህ። ዕድል መጥፎ ካርታ ይሰጥሃል፤ እሷን የሚከለክላት የለም፣ ለሽማግሌውም አልቀረላቸውም። ግን ዕድል የምትወስደው ያቺን አንዷን ዙር ነው። የቀረውን አሳልፎ የሚሰጠው ንዴትህ ነው፤ ተራህንም፣ ቁልፍህንም፣ ይቺንም ጎማ። እንደ መንታው ጎማ ከውጭ ደኅና ቆመሃል፣ ከውስጥ ተንፍሰሃል፤ በዐይን ስለማይታይ ደግሞ ደኅና ነኝ ትላለህ፣ ቁልቁለቱንም ትጀምረዋለህ። ልቤን በምን ልያዘው ብለኸኛል። ልብ አይያዝም። ተነሥተህ ዞረህ ትሰማዋለህ እንጂ። አንዴ ዞረህ ሁሉም ደኅና ነው ካልክ፣ ገና አልሰማህም ማለት ነው። ድገመው። ሲሰማህ ተመልሰህ ብትጫወትም፣ ትተህ ብትሄድም፣ አንተ ነህ የወሰንከው።»

ከወንበራቸው ሥር አንድ ክንድ የምትሆን፣ ጫፏ በመምታት የተለሰለሰ ፌሮ አወጡ። ደጃፉ ላይ ለጥገና ወደ ቆመው የጭነት መኪና በአገጫቸው አመለከቱ።

«አንዱ ተንፍሷል» አሉት። «የቱ እንደሆነ ንገረኝና ባጃጅህን ውሰድ።»

ናሆም ፌሮዋን ተቀበለ። ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና ተመለሰ።

«ጋሼ» አለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለእኔ አይደለም» አሉት፣ ከመነዳሪውን እየለጠፉ። «ለዚያ ሹፌር በል። እኔም እስካሁን ለእሱ ነው የምለው።»

ናሆም ወደ መኪናው ሄደ። የመጀመሪያውን ጎማ በኃይል ሊመታ ፌሮዋን አነሣ። አየር ላይ ያዛት። ከዚያ ቀስ አድርጎ መታ፣ ጆሮውንም አዘነበለ።